መንዙማ የዜማ ዘመድ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ፣ እኔ ጅማ ጅሬን አካባቢ ተከራይቼ የምማር ልጅ ነኝ። መውሊድ ለት ያከራዩን ማዘር ቤት ድቤ እየተመታ መንዙማ ሲባል አደረ፣ እኔም ፈተና እያለብኝ ቁጭ ብዬ ስሰማ አነጋሁ። ጓደኛዬ ታዲያ መንዙማ የመጣው ዜማ ከሚለው ነው፣ ድምፁ ራሱ ይናገር የለ እንዴ ብሎ ድርቅ አለ። እኔ አረብኛ ነው ብያለሁ ግን ማስረዳት አቃተኝ። የማክያቶ ውርርድ አለበትና ይፍረዱን።

መልስ፦ ማክያቶው ያንተ ነው። ጓደኛህን ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ ያቺን ን የት ሊያደርጋት ነው? ዜማ የግዕዝ ቃል ነው፣ የነያሬድ ቤት ነው፣ ን የሚባል ነገር የለበትም። የመንዙማ ስር ደሞ ነ-ዘ-መ ነው፣ ዘ ያልናትም በአረብኛው ዙሁር ሶላት ላይ ያለችው ወፍራሟ ናት። መጀመሪያ ላይ ያለችው መ ቅጥያ ነች፣ ሐምድ ምስጋና ሆኖ መህሙድ የተመሰገነ እንደሚባለው፣ ወይ ከተበ ብሎ መክቱብ እንደሚባለው ማለት ነው።

ነዘመ ማለት ደሞ ምን መሰለህ፣ ዶቃ ወይም ሉል በክር መሰካት። እኔ ይሄን ያወቅኩ ቀን በጣም ነው የገረመኝ፣ ምክንያቱም አረቦቹ ግጥሙን ነዝም ብለው ዝርው ጽሑፉን ነስር ነው የሚሉት፣ ነስር ማለት ደሞ መበተን ነው፣ አንዱ በክር የተሰካ ሌላው የተበተነ። የኛንስ እየው፣ ግጥም የመጣው በሩ ግጥም አለ ከምንለው ከገጠመ ነው፣ ሌላኛውን ደሞ ስድ ንባብ አልነው፣ ስድ፣ ያልታሰረ! ሳይመካከሩ እዛው ጋ ደረሱ።

አረብኛው ላይ ግን መንዙማ ድቤ አያስፈልገውም። ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) የነበረ ሰው ካገኘህ ስለ አልፊያ ጠይቀው፣ የኢብን ማሊክ የሰዋስው ትምህርት ነው፣ ሺህ ስንኝ ገደማ (ስሙም ከአልፍ ነው፣ ሺህ ማለት)፣ ያም በነሱ አነጋገር መንዙማ ነው። የግሥ እርባታ በግጥም! እኛ ጋ ሲመጣ ቃሉ ጠበበና ነቢዩን ማወደሻ፣ ፈጣሪን መለመኛ ሆነ፣ አንዱ ያወጣል ጀመዓው ይቀበላል፣ ወሎ በአማርኛ እዚህ ጅማ ደሞ በብዛት በኦሮምኛ። የድሮዎቹ ሼሆች ሲጽፉት ፊደሉ የአረብ ቋንቋው የሀገር ነው፣ አጀሚ የሚባለው እሱ ነው።

ሌላው ደሞ ማዘር ፊት እንዳትሳሳት፣ መንዙማ ተባለ ነው እንጂ ተዘፈነ አይባልም። እኔ ልጅ ሆኜ ጎረቤት ሐድራ (መንዙማ የሚባልበት የዱዓ ስብሰባ) ላይ ዘፈኑ ደስ ይላል ብዬ ሁሉም ዝም ብለው አዩኝ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳም የኔ ስኒ ተረሳ።