የፖሊስታይሪን ቀፎ፦ የትኛውን ልግዛ? በምንስ ልቀባው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። አራት የእንጨት ቀፎዎች ያሉኝ ንብ አናቢ ነኝ። የሁለቱ ወለል በእርጥበት ስለበሰበሰ በፖሊስታይሪን (በጠንካራ ፎም) ቀፎ ልተካቸው አስቤያለሁ። ያየኋቸው ቀፎዎች ግን ለዓይን አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። ጥሩውን ከመናኛው በምን ልለየው? በተጨማሪም በር ቀብቼ የተረፈኝ የዘይት ቀለም ስላለ፣ ቀፎዎቹን ከውስጥም ከውጭም በእርሱ ልቀባቸው እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቀለሙን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስልዎ፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ስሕተት አዲስ ቀፎን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከጥቅም ውጭ ያደርጋልና። የተረፈዎትን የዘይት ቀለም እባክዎ ለቀፎው አያውሉት። ፖሊስታይሪን በስስ የፕላስቲክ ግድግዳ የተከበቡ እጅግ ብዙ የአየር አረፋዎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የሠሩት ነገር ነው፤ ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚንና እነዚህን የመሳሰሉ ማሟሚያዎች ያንን ስስ ግድግዳ ሲያሟሙት አየሩ ይወጣና ገጹ ይሰረጉዳል። ስፕሬይ ቀለምም ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይለይም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በአንድ ቀፎ ጎን ላይ መለያ ቁጥር በስፕሬይ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ ሁለተኛውን አኃዝ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ወደ ውስጥ እየሰመጠ፣ ጠርዙም እንደቀለጠ ሰም እየተኮማተረ ሲሄድ አየሁ። ቀለሙ ሲደርቅ በቁጥሩ መስመር ላይ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ቀርቶ ነበር።

የሚስማማው በውሃ የሚቀጥን፣ ለውጭ ግድግዳ የተዘጋጀ ፕላስቲክ ቀለም ነው። መጀመሪያ በቀፎው ሥር፣ ከዓይን በተሰወረ ማዕዘን ላይ ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ያቆዩት፤ ገጹ ካልተለወጠ ይቀጥሉ። አንድ ወፍራም ቅብ ከሚቀቡ ሁለት ስስ ቅቦችን፣ የመጀመሪያው በደንብ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛውን ቢደርቡ ይሻላል። ቅቡ የሚያስፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ያልተቀባ ፖሊስታይሪን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቀስ በቀስ ይቢጫል፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ጠመኔ ዱቄት ይለቃል፣ ከዚያም ፍሬ ፍሬው መርገፍ ይጀምራል።

ውስጡን ግን አይቀቡት። ንቦቹ ራሳቸው ግድግዳውን በፕሮፖሊስ፣ ማለትም ከዕፅዋት ሙጫ በሚያዘጋጁት ማጣበቂያ፣ ይለብጡታል፤ ከእነርሱ የተሻለ ቀቢ አያገኙለትም። ክፍሎቹ የሚደራረቡባቸውን ጠርዞች መቀባት ይገባል የሚሉ ንብ አናቢዎች አሉ፤ እኔ ከዚህ ቀጥሎ በሚያነቡት ደብዳቤ ምክንያት እንዲተዉት እመክራለሁ።

የቀለሙን መልክ በተመለከተ፣ ፀሐይ በሚበረታበት ቦታ ነጭና ፈዛዛ ቀለሞች ሙቀትን ስለሚመልሱ ይመረጣሉ። ቀፎዎቹ ተቀራርበው የሚቀመጡ ከሆነ ንቦች ቤታቸውን ስተው ወደ ጎረቤት እንዳይገቡ የእያንዳንዱን ፊት በተለያየ ቀለም መለየት ጠቃሚ ነው። የንብ ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1914 አካባቢ ባሳተሟቸው ሙከራዎች ንቦች ቀለም እንደሚለዩ፣ ቀይን ግን ከጥቁር መለየት እንደሚያቅታቸው አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ይምረጡ፤ ቀይና ጥቁርን ጎን ለጎን ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

ወደ ግዢው ስንመለስ፣ የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው ከእፍጋቱ ይመጣል። የዕቃ ማሸጊያው ነጭ ፎም በአንድ ሜትር ኩብ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ጥሩ ቀፎ የሚሠራበት ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህን በእጅዎ መፈተን ይችላሉ፦ ገጹን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ጫን ሲሉት በቀላሉ የሚጎደጉድ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙን ሲያሹት ፍሬዎቹ የሚረግፉ ከሆነ ይተዉት፤ ክፍሎቹን በቀፎ መሮ ሲፈለቅቁ አንድ ወቅት እንኳ አይቆይም። የግድግዳው ውፍረት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሙቀትን ከእንጨት በሦስት እጥፍ ገደማ የተሻለ ስለሚይዝ፣ ንቦች እጭና ሙሽሬ ያለበትን ቦታ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማቆየት የሚያወጡት ጉልበት ይቀንሳል።

ወደ ግዢ ሲሄዱ ከቀፎዎ አንድ ባዶ ፍሬም (ንቦች የማር እንጀራ የሚሠሩበትን ክፈፍ) ይዘው ይሂዱ። ፍሬሙን አስገብተው በጎኑና በግድግዳው መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን ይመልከቱ፤ ከዚያ ከጠበበ ንቦቹ በፕሮፖሊስ ይደፍኑታል፣ ከሰፋ የማር እንጀራ ይሠሩበታል። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ የውጭ ልኩ ከእንጨቱ ቀፎ ስለሚበልጥ የድሮው ክዳንና ወለል ሊገጥሙለት አይችሉም፤ ሁሉንም ከአንድ አምራች ይውሰዱ። ታሪኩን የማያውቁትን ያገለገለ ቀፎ ግን ርካሽ ቢሆንም አይግዙ። የእጭ አበስባሽ በሽታ ዘር ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የእንጨት ቀፎ በእሳት ተለብልቦ ሊጸዳ ሲችል ይህኛው ግን በእሳት ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ሦስት የፖሊስታይሪን ቀፎ ክፍሎችን ከነጠርዛቸው በፕላስቲክ ቀለም ቀብቼ፣ ሲደርቁ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላነሣቸው ስል ተጣብቀዋል፤ በመሮ ስፈለቅቅም ጠርዙ ተቆረሰ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ቀለም በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ለብዙ ቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ክብደት ሲጫነው ደግሞ ሁለቱ ቅቦች አንድ ይሆናሉ። መሮውን ያስቀምጡት። የላይኛውን ክፍል በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ጎን ቀስ እያሉ ያጣምሙት፤ እምቢ ካለ ሰፊና ስስ የፑቲ ቢላ በመጋጠሚያው ዙሪያ እየገፉ ያስገቡ እንጂ እንደ ፍንቀላ አያንሡት። የተቆረሰውን ቁራጭ ካልጣሉት በውሃ በሚሟሟ የእንጨት ኮላ መልሰው ይለጥፉት። ከዚያም በመጋጠሚያዎቹ ላይ የቀረውን ቀለም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንሥተው፣ ጠርዞቹን በንጹሕ ሰም ስስ አድርገው ይሹአቸውና መልሰው ይደራርቧቸው።