አንድ ባይት ሲጨመር ዚፕ አይከፈትም

ጥያቄ፦ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዩኒክስ ሰርቨር በኤፍቲፒ (ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚያዛውር ዘዴ) ወደ ዶስ ኮምፒውተር የወረዱ ዚፕ ፋይሎች በፍሎፒ አሉኝ። ስከፍታቸው የሲአርሲ (ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚፈትሽ ቁጥር) ስህተት ያሳያሉ። አብረው ያሉት የጽሑፍ ፋይሎች ግን በደንብ ይነበባሉ። ተስፋ አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፣ ምናልባትም ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ጽሑፉ እየተነበበ ዚፑ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ ከፍሎፒው ይልቅ ከአወራረዱ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የኤፍቲፒ ፕሮግራሞች የሚነሱት በአስኪ ሞድ፣ ማለትም ሁሉን እንደ ጽሑፍ በሚያይ አሠራር ነበር። አውራጁ «ጌት» (አውርድ) ከማለቱ በፊት «ባይነሪ» ብሎ ካላዘዘ ፕሮግራሙ ዚፑን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ዩኒክስ መስመር የሚዘጋው ዋጋው 10 በሆነ ባይት ብቻ ነው፤ ዶስ ደግሞ በ13 እና 10። ስለዚህ በየ10ው ፊት አንድ 13 ይሰካል። በታመቀ ፋይል ውስጥ 10 ከ256 ባይት አንዴ ያህል ስለሚገኝ፣ 1,000,000 ባይት የነበረው ፋይል 1,003,900 ገደማ ይሆናል።

ለማረጋገጥ ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር (እያንዳንዱን ባይት በሚያሳይ ፕሮግራም) ይክፈቱ። 10 «0ኤ»፣ 13 ደግሞ «0ዲ» ሆነው ይታያሉ። «0ኤ» ሁሉ ከፊቱ «0ዲ» ካለው ምክንያቱ ይኸው ነው። አንድ እንኳ ብቻውን የቆመ «0ኤ» ካገኙ ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን አይሞክሩ።

መድኃኒቱ ከየ10ው ፊት አንድ 13 ማውጣት ነው። አንድ ብቻ! «0ዲ 0ዲ 0ኤ» ካዩ አንደኛው 13 ከጥንቱም የፋይሉ ነው፤ ሁለቱንም ካወጡ ዚፑን መልሰው ያበላሹታል። ዶስቱዩኒክስ የተባለው ፕሮግራም ይህን በትክክል ይሠራል፤ ባይነሪ ፋይል ሲያይ ግን ስለሚዘለው «ፎርስ» የሚለውን አማራጭ ይስጡት። ሥራው በቅጂ ላይ ይሁን። በመጨረሻ ዚፑን በ«ቴስት» ትእዛዝ ይፈትሹ፤ ሲአርሲው ከገጠመ ፋይሉ እንደነበረው ተመልሷል።

ጉዞው ከዶስ ወደ ዩኒክስ ከነበረ ነገሩ ያሳዝናል። ያኔ 13ቱ ተሰርዘዋል፤ የት የት እንደነበሩ ፋይሉ ራሱ አይናገርም። በሲምቴል ሲዲዎች (የድሮ የዶስ ፕሮግራሞች ስብስብ) ላይ ሌላ ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በድሮ ኢሜይሎች መካከል የአንድ ፕሮግራም 23 ቁራጮች አገኘሁ። ብዙዎቹ መስመሮች በ«ኤም» ፊደል ይጀምራሉ። እንዴት ይገጣጠማሉ?

መልስ፦ ዩዩኢንኮድ የሚባለው፣ ፋይልን በኢሜይል ለመላክ ወደ ፊደል የሚቀይር ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ኢንተርኔት ከመግባቱ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) በፊት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የመረጃ ሥርዓት በፓዲስ በኩል በፊዶኔት (በስልክ መስመር መልእክት በሚያቀባብል የኮምፒውተር መረብ) ለሚጻጻፍ ሰው ያለው ኢሜይል ብቻ ነበር፤ ሶፍትዌር የሚፈልግ ለኤፍቲፒሜይል ሰርቨር ትእዛዙን በደብዳቤ ይልክና ፋይሉ ተቆራርጦ ይመጣለታል። 45 ባይት ወደ 60 ፊደል ይቀየራል፤ «ኤም» የመስመሩን 45 ባይት ይቆጥራል። አንድ ሜጋባይት ወደ 1.44 ሚሊዮን ባይት ያብጣል፤ በሰከንድ 2400 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ከ23ቱ አንዱ ከጠፋ ዚፑ ሙሉ ሆኖ አይወጣም።

ቁራጮቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሩ። የኢሜይሉን ራስጌና ከታች ያለውን ፊርማ ይቁረጡ። ከ«ቢጊን» እስከ «ኢንድ» ያለውን ብቻ አንድ ፋይል አድርገው በዩዩኢንኮድ መፍቻ ፕሮግራም ይፍቱት። ከመፍታትዎ በፊት በ«ኤም» የሚጀምር መስመር ሁሉ 61 ፊደል መሆኑን ይቁጠሩ፤ ካጠረ በመንገድ ላይ ያለ ሰርቨር ከመጨረሻው ባዶ ቦታ ቆርጦበታል። ባዶ ቦታውን መልሰው ይሙሉት።