ዋና ባትችልም ጄት ካሩን መሞከር ትችላለህ

«ዋና አልችልም፤ ለጉብኝት ስሄድ ውሃ ላይ የሚበረውን ጄት ካር (መኪና መሳይ ጀልባ) ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ?» ላልከው፦ ሞክረው። ግን ዋና እንደማትችል ሳትነሳ በፊት ለአስነጂው ንገረው፤ ለመጀመሪያው ዙር መሪውን እሱ ይያዝ።

1. ላይፍ ጃኬቱን አጥብቀህ ከታጠቅክ በኋላ አንድ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ሽቅብ ወጥቶ አገጭህን ከሸፈነ ሰፍቶሃልና አስቀይር።

2. የሞተር ማጥፊያው የት እንዳለ ጠይቅ። ገመድ ካለው ነጂው ላይ ይታሰር፤ ነጂው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። መልኩ መኪና ይሁን እንጂ ጀልባ ነው፤ እንደ መኪና ፍሬን የለውም። ሞተሩ ከሥር ውሃ ስቦ ወደ ኋላ በኃይል ይተፋል። መሪው የሚያዞረውም ያንን የሚወጣውን ውሃ ነው። ነዳጅ መስጫውን ከለቀቅክ መሪው አይታዘዝህም።

እኔ ይሄ የገባኝ ውሃው ላይ ነው። ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት ከፊቴ ድቅን ሲል ደንግጬ ነዳጅ መስጫውን ለቀቅኩና መሪውን ጠመዘዝኩ። ጭራሽ ቀጥ ብሎ ሄደ! ለጥቂት ነው የሳትኩት። ስትታጠፍ ትንሽ ነዳጅ ስጠው፤ ለመቆም ደግሞ ከሩቁ ጀምረህ ልቀቅ።