በአንድ የጦር መርከብ ጀምሪ

ውድ እህታችን፣

የታሪክ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት መሆንሽን፣ ፈረንሳይኛ መጀመርሽንና የፈረንሳይ የሸራ የጦር መርከቦችን ማጥናት እንደምትፈልጊ ጽፈሽ «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽናል። ይሆናል። ግን ቀጣሪ የሚፈልገው መርከብ የሚወድ ሰው ሳይሆን መዝገብ አመሳክሮ ስህተት የሚይዝ ሰው ነው። ስለዚህ ለማስተርስ ከማመልከትሽ በፊት የአንድ መርከብን የአገልግሎት ታሪክ በ15 ወይም በ20 ገጽ ጻፊ። ችሎታሽን የሚያሳይልሽ እሱ ነው።

መርከቡን እኛ እንምረጥልሽ፦ ዱጌ ትሩዋን። በ1800 በፈረንሳይ ወደብ ሮሽፎር ላይ ውኃ የነካ ባለ 74 መድፍ መርከብ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኦክቶበር 21 ቀን 1805 እንግሊዞች የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች ካሸነፉበት ከትራፋልጋር የባሕር ውጊያ አምልጦ፣ ኖቬምበር 4 በስፔን ሰሜን ምዕራብ ኬፕ ኦርቴጋል አጠገብ በእንግሊዞች ተማረከ። እንግሊዞች ኢምፕላከብል ብለው ሰይመውት በ1808 ከሩሲያ መርከብ ጋር ተዋጋ፤ በ1840 በሶርያ ጠረፍ ዘመተ፤ ከ1855 ጀምሮ የወጣቶች ማሠልጠኛ ሆነ። ዲሴምበር 2 ቀን 1949 የሁለቱም አገር ባንዲራ እንደተሰቀለበት ባሕር ውስጥ አሰመጡት። የኋላ ጌጡ ግሪንዊች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም አለ። ይህን የመረጥንልሽ የመጀመሪያ ዓመታቱ በፈረንሳይ፣ የቀሩት በእንግሊዝ መዝገብ ስለተጻፉ ነው።

የፈረንሳዩን ወገን ፓሪስ አጠገብ ቫንሰን ባለው የመከላከያ ታሪክ ቤተ መዛግብት፣ «ቤ ቤ 4» በተባለው የዘመቻ ክፍል ፈልጊ። የእንግሊዙ ለንደን ውስጥ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ የካፒቴኖች የጉዞ መዝገብ «ኤዲኤም 51» ይባላል። እስከዚያው የዘመኑን የፈረንሳይ ጋዜጦች ጋሊካ በተባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አንብቢ።

ብዙዎች የሚወድቁት በቀን ላይ ነው። በ1805 የፈረንሳይ ሰነድ የሚጠቀመው የፈረንሳይ አብዮት ያመጣውን አቆጣጠር ነው፦ 12 ወር እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ወይም 6 ትርፍ ቀን። ጳጉሜን እየቆጠረ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ በዚህ ከሌሎች ትቀድሚያለሽ። ዓመት 14 የገባው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1805 ስለሆነ «13 ብሩሜር ዓመት 14» የሚለው (ብሩሜር ሁለተኛው ወር ነው) ኖቬምበር 4 ነው። የእንግሊዝ መርከቦች መዝገብ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀኑን የሚጀምረው ከቀትር ነበር፤ የትራፋልጋር ከሰዓት በኋላ በኦክቶበር 22 ሥር ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ይህን ያላወቀ አንድ ውጊያ ሁለት ቀን የቆየ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ልኬት ነው። የፈረንሳይ ጫማ 32.48 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የእንግሊዙ 30.48። የዚህ ዓይነት ባለ 74 መርከብ 172 የፈረንሳይ ጫማ፣ ማለትም 55.87 ሜትር ይረዝማል። በእንግሊዝ ጫማ ካሰላሽው ከ3 ሜትር በላይ ታሳጥሪዋለሽ። ባለ 36 ፓውንድ የሚባለው የፈረንሳይ መድፍ ጥይትም 17.6 ኪሎ ነው፤ የእንግሊዝ ፓውንድ ቢሆን 16.3 ብቻ በሆነ ነበር። በተረፈ አንድ ስም ለብዙ መርከብ ስለሚሰጥ ከስሙ አጠገብ ሁልጊዜ ውኃ የነካበትን ዓመት ጻፊ።

አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጂ፦ ቀኑ በሰነዱ እንደተጻፈ፣ የተቀየረው ቀን፣ ቦታ፣ ድርጊት፣ የሰነዱ ቁጥር። የመጀመሪያውን ዓምድ እንዳትተዪው፤ ቀን ስትቀይሪ ብትሳሳቺ መመለሻሽ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ሥራው በግልጽ እንንገርሽ። ፈረንሳይ ውስጥ የቤተ መዛግብትና የሙዚየም ቋሚ የመንግሥት ቦታ በውድድር ፈተና ይገኛል፤ በአብዛኛው ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የተወሰነ ነው። ለአንቺ ክፍት የሚሆነው የኮንትራት ሥራ፣ የዶክትሬት ጥናት ወይም የካታሎግ ፕሮጀክት ነው። የባሕር ውስጥ አርኪዮሎጂ ከፈለግሽ ደግሞ ከዲግሪው ሌላ የሙያ ጠላቂነት ምስክር ወረቀት ያስፈልግሻል። ፈረንሳይኛሽን ቢያንስ ቢ2 በተባለው የአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ ላይ አድርሺ፤ ጎን ለጎን የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፍ በየቀኑ ግማሽ ገጽ እየገለበጥሽ ተለማመጂ።

የሠንጠረዡን የመጀመሪያ አሥር መስመሮች ስትጨርሺ ላኪልን፤ ቀኖቹን አብረን እናያቸዋለን።