«ፎርሙላው ሁሉ በቃሌ ነው፤ ታዲያ ለምን ይበላሽብኛል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በክፍል ፈተና ሒሳብ ከ90 በታች አምጥቼ አላውቅም። ባለፈው ወር ሞዴል ስንፈተን ግን ከ65 ጥያቄ 24 ብቻ አገኘሁ። በጣም አለቀስኩ። ፎርሙላ ሁሉ በቃሌ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ምን ይመጣል? ከኔስ ምን ይጠበቃል? ጓደኞቼ «ሒሳብን ተይው፣ በባዮሎጂ ታካክሺዋለሽ» ይሉኛል። ልተወው?

ግራ የገባት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎረቤትሽ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በብሎካችን ኮሚናል ውስጥ የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ። ሰሌዳችን ጥቁር ቀለም የቀባሁት የቁም ሳጥን በር ነው። መብራት ሲጠፋ በሩን ከፍተን እንቀጥላለን። «ፎርሙላው በቃሌ ነው» የሚለውን ቃል እዚያ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ። ሰሌዳው ላይ 1 ሲደመር 2፣ ሲደመር 4፣ ሲደመር 8 ብዬ ጻፍኩና «ማለቂያ ሳይኖረው ቢቀጥል ድምሩ ስንት ነው?» አልኳቸው። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ አንዱ ልጅ «ማይነስ 1!» አለ። ፎርሙላውን አልሳተም። የመጀመሪያውን ቁጥር ለ1 ሲቀነስ ሬሾው (አንዱ ቁጥር ከፊተኛው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ እዚህ 2) አካፈለ። 1 ለማይነስ 1፣ ማይነስ 1። እኔም ጠየቅኩት። «ዛሬ 1 ብር፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4 እያልኩ ብሰጥህ በመጨረሻ አንተ ነህ ባለዕዳ የምትሆነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ደብተሩን ገልጦ ፈለገ። ፎርሙላው የሚሠራው ሬሾው በማይነስ 1 እና በ1 መካከል ሲሆን ብቻ እንደሆነ እዚያው፣ እራሱ በጻፈው ኖት ላይ፣ ከፎርሙላው ጎን ሰፍሯል። ፎርሙላውን ሸምድዶ ይህችን ቅድመ ሁኔታ ዘሏታል።

ያንቺም ችግር እዚህ ይመስለኛል። የክፍል ፈተና ብዙ ጊዜ መምህሩ ከሠራው ምሳሌ ቁጥሩ ተቀይሮ ይመጣል። ብሔራዊ ፈተና ግን ፎርሙላው የት እንደማይሠራ ይጠይቅሻል። ምርጫዎቹም የሚዘጋጁት ተማሪ የሚሳሳተው ታስቦ ነው። ለምሳሌ የአንድ 3 በ3 ማትሪክስ ዲተርሚናንት 5 ነው እንበል። ማትሪክሱ በ2 ቢባዛ ዲተርሚናንቱ ስንት ይሆናል? አብዛኛው ልጅ 10 ይላል፣ 10ም ምርጫው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። መልሱ 40 ነው፤ ምክንያቱም 2 እያንዳንዱን ረድፍ ያባዛል፣ ረድፉ ደግሞ 3 ነው። ሎጋሪዝምም እንዲሁ ነው። ቤዙ 2 ሆኖ ሎግ ኤክስ እና ሎግ (ኤክስ ማይነስ 2) ሲደመሩ 3 ቢሆኑ፣ ስትፈቺው 4 እና ማይነስ 2 ይመጡልሻል። «4 እና ማይነስ 2» የሚል ምርጫ አለ። ቸኩለሽ ካከበብሽው አለቀ። የማይነስ 2 ሎግ የለም፤ መልሱ 4 ብቻ ነው።

ወደ ርዕሶቹ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል መጽሐፍሽ በሲኩዌንስና ሲሪየስ ይጀምራል፣ ከዚያ ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ የንግድ ሒሳብ። ከ11ኛ ፈንክሽን፣ ማትሪክስና ዲተርሚናንት፣ ቬክተር፣ ፕሮባቢሊቲ አሉ። የድሮ ፈተና ስትሠሪ እንደ ኮምፕሌክስ ነምበር ያለ፣ አሁን በእጅሽ ባለው መጽሐፍ የሌለ ርዕስ ከገጠመሽ እለፊው። ጊዜሽን አትፍጂበት።

ጊዜሽን የሚገባው ካልኩለስ ነው። ዴሪቬቲቭ ማውጣቱን ታውቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ። የሚያስቸግረው የቃል ጥያቄው ነው። አንድ ሰው 40 ሜትር ሽቦ ይዞ፣ ግድግዳን እንደ አንድ ጎን ተጠቅሞ የበግ በረት ያጥራል። የበረቱ ትልቁ የቦታ ስፋት (ኤሪያ) ስንት ነው? ከግድግዳው የሚነሱት ሁለቱ ጎኖች ኤክስ ኤክስ ከሆኑ፣ ሦስተኛው 40 ሲቀነስ 2 ኤክስ ነው። ሁለቱን አባዢ፣ ዴሪቬቲቩን አውጪ፣ ዜሮ አድርጊው። ኤክስ 10 ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ልጆቼ እርሳሳቸውን የሚያስቀምጡት። ጥያቄው ግን ስፋቱን ነው የፈለገው፣ 10 በ20፣ 200 ካሬ ሜትር። 10ም፣ 20ም፣ 200ም ምርጫ ውስጥ አሉ። ስለዚህ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አንብቢ፣ ከሥሯም አስምሪ።

ስታቲስቲክስ ቀላል ነጥብ ነው፤ ሁለት ቀን በቂ ነው። ሁሉም ተማሪ ላይ 5 ማርክ ቢጨመር አማካዩ በ5 ያድጋል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን አይነቃነቅም። ይህ ለምን እንደሆነ ከገባሽ ይበቃሻል።

አሁን የሞዴሉን ወረቀት አውጪ። የተሳሳትሽባቸው 41 ጥያቄዎች ከየትኛውም ማጠናከሪያ ክላስ ይበልጡብሻል። እያንዳንዱን ያለ ሰዓት እንደገና ሥሪና ጠርዙ ላይ ምክንያቱን ጻፊ። አላወቅኩትም? አላነበብኩትም? ወይስ ማይነሷን ረሳኋት? እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ይህን ሲያደርጉ የሚደነግጡበት ነገር አለ። ካልኩለስ ከበደኝ ያለው ልጅ የወደቀው ብዙውን ጊዜ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ክፍልፋይ መደመር፣ ፋክተር ማውጣት፣ ቅንፍ ሲፈታ ምልክት መቀየር። ካልኩሌተር አይፈቀድም። እጅሽ መፍጠን አለበት። ሞዴላችሁ እንደ ቀድሞዎቹ ብሔራዊ ፈተናዎች 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ከሆነ፣ ለአንዱ 3 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ስለተፈተነ ጥያቄውን ከስክሪን እያነበብሽ ወረቀት ላይ መሥራትንም ተለማመጂ።

ጓደኞችሽ ያሉሽን ግን አትስሚ። አውቃለሁ፣ ውጤቱ ያስፈራል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰው ሲፈራ ከባዱን ጥሎ መሮጥ ያምረዋል። እስቲ እናስላው። ስድስት ትምህርት ከ600 ሲታሰብ 50 በመቶ ለማምጣት 300 ያስፈልግሻል። ሒሳብን ትተሽ በግምት 20 ብታመጪ፣ ከቀሩት አምስቱ 280፣ ማለትም በአማካይ 56 ይጠበቅብሻል። ሒሳብን 45 ብታደርሺው ግን 51 ይበቃሻል። አምስቱንም ትምህርት በ5 ማርክ አቀለልሽው ማለት ነው። ደግሞ ቬክተርና ዴሪቬቲቭን የጣለ ተማሪ ፊዚክስ ላይም ይቸገራል።

ኮዬ ለመምጣት ከተመቸሽ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ኮሚናሉ ክፍት ነው። ክፍያ የለውም። አድራሻውን የዝግጅት ክፍሉ ይነግርሻል። የሞዴሉን ወረቀት ከነስህተቱ ይዘሽ ነይ፤ ከ25ኛዋ ጥያቄ አብረን እንጀምራለን።