የኮሪያ አቆጣጠር በኮድ፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ታዬ ጋር

ጋሽ ታዬ፦ ዛሬ ማታ የኮሪያን የቀን አቆጣጠር በተመለከተ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ ዶትኔት የሚባለውን የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ስለምትጠቀሙ በሱ እንሄዳለን። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «የኮሪያ ካሌንደር» የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ዳንጊ ነው፤ የፈረንጁ ዓመት ላይ 2333 ይደመራል፣ ወሩና ቀኑ አይነካም። ሌላው በጨረቃ የሚሄደው ነው። የትኛውን እንደምትሉ ሳትነግሩኝ አትጠይቁ።

ሳራ፦ ጋሼ፣ ስለ ዳንጊው ነው። 4357 ፌብሩዋሪ 29ን ዴትታይም ውስጥ፣ ማለትም ዶትኔት ቀን የሚይዝበት ውስጥ፣ ሳስገባ ኤረር ይጥላል። ቀኑ ግን አለ።

ጋሽ ታዬ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። 4357 ማለት 2024 ነው፣ ፌብሩዋሪው 29 ቀን አለው። አንቺ ግን ካሌንደሩን አልሰጠሽውም። ስለዚህ 4357ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ አነበበው። 4357 ለ4 አይካፈልም፣ ኤረር ጣለ። ከቀኑ ቀጥሎ ኮሪያንካሌንደርን፣ ማለትም የዶትኔትን የዳንጊ ክላስ ስጪው፣ ያልፋል።

ኤረር መጣሉ ደግ ነው። 4360 ብትይው ዝም ብሎ ይቀበልሽ ነበር። በዳንጊ 4360 ማለት 2027 ነው፣ ፌብሩዋሪ 29 የለውም። 2333 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ፌብሩዋሪ 29 ያላቸው የዳንጊ ዓመቶች ሁሌም ጎዶሎ ናቸው። «ለ4 ይካፈላል ወይ» ብሎ በዳንጊ ቁጥር ላይ የሚፈትሽ ኮድ ፌብሩዋሪ 29 ያለውን ዓመት አንዴም አያገኝም። ዳታቤዝ ውስጥ የፈረንጁን ቀን ብቻ አስቀምጡ። ዳንጊን ስክሪን ላይ ስታወጡ ቀይሩት።

ብሩክ፦ ዳንጊ ነው። ከ4357 ጃንዋሪ 31 ተነስቼ አንድ አንድ ወር ስደምር ፌብሩዋሪ 29፣ ከዚያ ማርች 29 ይለኛል። 31 የት ገባ?

ጋሽ ታዬ፦ ፌብሩዋሪ ላይ ተቆረጠ፣ ተመልሶ አይመጣም። ሁሌም ከመነሻው ቀን ደምር። ጃንዋሪ 31 ላይ 2 ወር ብትደምር ማርች 31 ታገኛለህ።

አቤል፦ የኮሪያ ካሌንደር አልሠራልኝም፣ እርዱኝ።

ጋሽ ታዬ፦ የትኛው? ምን ጻፍክ? ምን መለሰልህ? አሁን እኮ ነው የተናገርኩት።

ሄለን፦ በጨረቃ የሚሄደው ነው ጋሼ። የመኸር በዓላቸው ቹሶክ 8ኛው ወር፣ 15ኛው ቀን ላይ ይውላል። ለ2025 ይህንኑ ስሰጠው ሴፕቴምበር 6 አለኝ። በዓሉ ግን ኦክቶበር 6 ነበር።

ጋሽ ታዬ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ለኛ ሰው 13 ወር ብርቅ አይደለም። ጳጉሜን ግን ሁሌም መጨረሻ ላይ ናት፣ 5 ወይም 6 ቀን። የነሱ 13ኛ ወር ሙሉ ወር ነው፣ 29 ወይም 30 ቀን። በየዓመቱ አይመጣም፣ ሲመጣም መሃል ሊገባ ይችላል። በ2025 6ኛው ወር ተደገመ። ዶትኔት ወሮቹን ከ1 እስከ 13 በተርታ ነው የሚቆጥረው። የተደገመው 7 ቁጥርን ወሰደ፣ እውነተኛው 7ኛ ወር 8 ሆነ፣ የቹሶክ ወር 9 ላይ አረፈ።

መጀመሪያ የተደገመው ወር ስንተኛ ቁጥር ላይ እንዳለ የሚነግርሽን ጌትሊፕመንዝን ጥሪ። 0 ከመለሰ የተደገመ ወር የለም። ለ2025 7 ይመልሳል። የምትፈልጊው ወር ከዚያ ቁጥር እኩል ወይም በላይ ከሆነ 1 ጨምሪ። 8 ላይ 1 ሲጨመር 9። ኦክቶበር 6 ይወጣልሻል።

ዮናስ፦ ለምን ትደክማለች? የቻይናውን የጨረቃ ካሌንደር ክላስ ብትጠቀም ያው ነው።

ብሩክ፦ ያው አይደለም!

ዮናስ፦ አንድ ጨረቃ አይደለች እንዴ?

ጋሽ ታዬ፦ ጨረቃዋ አንድ ናት፣ ሰዓቱ ግን ሁለት ነው። ወሩ የሚጀምረው አዲሷ ጨረቃ በተወለደችበት ቀን ነው። በ1997 አዲሷ ጨረቃ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 7፣ በቤጂንግ ከምሽቱ 5፡06 ላይ ነበር። ሴኡል በ1 ሰዓት ስለሚቀድም እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል። ስለዚህ የጨረቃ አዲስ ዓመት በቻይና ፌብሩዋሪ 7፣ በኮሪያ ፌብሩዋሪ 8 ዋለ። በ2028ም ይደገማል፦ ቤጂንግ ጃንዋሪ 26፣ ሴኡል 27። የቻይናውን ክላስ አትንኩ።

መሠረት፦ አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር። የያዙት ወረቀት ላይ 4284 ይላል። 2333 ስቀንስ 1951 መጣ። በ1951 ደግሞ ጦርነቱ አልቋል።

ዮናስ፦ በኛ ነዋ! የኔም አያት ቃኘው ነበሩ። የትኛው ሻለቃ ናቸው?

መሠረት፦ የመጀመሪያው።

ጋሽ ታዬ፦ እግዜር ያክብርልን። መሠረት፣ ዳንጊ ላይ 2333 ስትቀንሺ የሚወጣው የፈረንጅ ዓመት ነው። በኛ 1943 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ከሆነ 1944። ደቡብ ኮሪያ እስከ 1961 መጨረሻ በመንግሥት ሰነድ ላይ ዳንጊን ትጽፍ ስለነበር ቁጥሩ ትክክል ነው። ዮናስ፣ ስለ ሻለቃው ለብቻችሁ አውሩ።

ናሆም፦ ጃቫስክሪፕት ላይ «ዳንጊ» ብዬው ወሩም ቀኑም ተዛባብኝ።

ጋሽ ታዬ፦ እዚያ «ዳንጊ» የሚባለው የጨረቃው ነው። የትኛው ብላችሁ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው!

ናሆም፦ ሰው ሲወለድ 1 ዓመት የሚባልበት የኮሪያ ዕድሜስ እንዴት ይሰላል?

ጋሽ ታዬ፦ እሱ የሕግ ጉዳይ ነው። ከጁን 2023 ወዲህ እንደማንኛውም አገር ቁጠር።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ሠራ! 2023ን ሴፕቴምበር 29፣ 2024ን ሴፕቴምበር 17 አለኝ።

ጋሽ ታዬ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። 2026ንም ሞክሪ፣ ሴፕቴምበር 25 መምጣት አለበት።