አሠልጣኙ «ትምህርትሽን ተዪው» ካለሽ

ጥያቄ፦ በካራ በኩል፣ ከከተማዋ ዳር በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 17 ነው። በክፍለ ከተማው የተማሪዎች ውድድር በ1500 ሜትር ሁለተኛ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ አሠልጣኝ ትምህርቴን አቋርጬ ሱሉልታ በኪራይ ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር እንድኖር፣ ዕድሜዬንም ሁለት ዓመት እንድቀንስ ይወተውተኛል። ማናጀር አለኝ ይላል። አባቴ በበኩሉ «ወይ ደብተርሽን ወይ ሩጫሽን ምረጪ» ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ከአንድ ክፍለ ከተማ ተማሪዎች መካከል ሁለተኛ መውጣት በዕድል የሚገኝ ነገር አይደለም።

አባትሽና አሠልጣኙ የማይግባቡ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ትምህርትና ሩጫ አብረው አይሄዱም ባዮች ናቸው። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። በአንቺ ዕድሜ ያለች የመካከለኛ ርቀት ሯጭ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማሟሟቂያና ማፍታቻው ተጨምሮ ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራች ይበቃታል። አትሌቶቻችን የሚሠሩት ደግሞ በማለዳ ነው። እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ጫካ የገባ ቡድን የመጀመሪያው ደወል በሚደወልበት ሰዓት አካባቢ ሥራውን ጨርሶ እየተመለሰ ነው። ትምህርት ቤትሽ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የከሰዓቱን ፈረቃ እንዲሰጡሽ በአባትሽ በኩል ማመልከት ትችያለሽ፤ የውድድር ውጤትሽን ይዘሽ ከሄድሽ ርእሰ መምህሩ ለመተባበር ይቀላቸዋል።

ታዲያ ሥልጠናው ትምህርትሽን ካልተሻማ፣ ሰውየው ከትምህርት ቤት እንድትወጪ ለምን ፈለገ? አላውቀውምና ክፉ ነው አልልም። ሱሉልታ ውስጥ ልጆችን እንደ ልጆቻቸው የሚያሳድጉ አሠልጣኞች አሉ። ነገር ግን ይህን አስቢበት። ተማሪ የሆነች ልጅ ስትቀር የት ገባች የሚላት መምህር አላት፣ የምታማክራቸው ጓደኞች አሏት፣ ማታ የምትገባበት የራሷ ቤት አላት። ከዚያ ሁሉ ወጥታ ኪራይ ቤት የገባች ልጅ ግን ምግቧም፣ መኝታዋም፣ ጫማዋም፣ የምትወዳደርበት ቀንም በአንድ ሰው እጅ ይገባል። ያ ሰው ሲቆጣ የምትሄድበት የላትም። ስትጎዳ ደግሞ ኪራይዋን የሚከፍልላት አይኖርም። ይህ ለማንኛውም ወጣት ከባድ ነው፤ ለሴት ልጅ ሲሆን እጥፍ ይከብዳል። እናም በዚህ ነጥብ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ 12ኛ ክፍልን ሳትጨርሺ ከቤትሽ ወጥተሽ ወደዚያ ቤት አትግቢ።

ዕድሜሽንም እንዳትነኪ። ዛሬ ከ20 ዓመት በታች ለመወዳደር የሚመች መስሎ ይታይሽ ይሆናል። ነገ ግን የትምህርት ማስረጃሽ አንድ ዓመት፣ ፋይዳሽና ፓስፖርትሽ ሌላ ዓመት ሲያሳዩ የሚጠየቀው አሠልጣኙ ሳይሆን አንቺ ነሽ። ደግሞም ምን አስቸኮለሽ? በእውነተኛ ዕድሜሽ ገና ወጣት ነሽ፤ 19 ዓመት እስከሚሞላሽበት ዓመት መጨረሻ ድረስ በዚያው የዕድሜ ክልል መወዳደር ትችያለሽ።

ስለ ማናጀር ከተነሳ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አባትሽ ሳያውቁና ሳይስማሙ በማንኛውም ወረቀት ላይ አትፈርሚ። በዚህ ሥራ የተለመደው የማናጀር ድርሻ ከገቢ 15 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን ያስረዳ።

ሰዓትሽን አለመጻፍሽን አስተውያለሁ። ሜዳችሁ የአፈር ከሆነ ዙሩ በትክክል 400 ሜትር መሆኑን የለካው ያለ አይመስለኝም፤ በእጅ የተያዘ ሰዓትም ያሳስታል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህርሽን ለምነሽ በተለካ መም ላይ አንድ ጊዜ ሩጪ፤ ሦስት ዙር ከሦስት አራተኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ የሮጥሽው ሰዓት ቆላ ላይ ከምትሮጪው በጥቂት ሰከንዶች ቢዘገይ አትደንግጪ። ያንን ሰዓት በየሦስት ወሩ እየመዘገብሽ ስታሻሽዪ ለክለብ የሚታይ ማስረጃ ይሆንሻል።

ክለብ ስልሽ መቻልን፣ ንግድ ባንክን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክን የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። የአገራችን ሩጫ ድሮም በተቋም ደሞዝ ላይ የቆመ ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ክለቦቹ ልጆችን የሚያዩት በኢትዮጵያ ሻምፒዮና፣ በጃን ሜዳ አገር አቋራጭና በወጣቶች ውድድር ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ አሁን ያለሽበት ነው፦ ከትምህርት ቤት ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ከተማ። ከቤት መውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ በመንግሥት ሥር ያሉትን የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚንና አሰላ የሚገኘውን የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከልን የምልመላ ጊዜ ተከታተዪ፤ እዚያ ሠልጣኝ እየተማረ ይሠለጥናል። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ ራሳቸው የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ይህንን ለአባትሽ ንገሪልኝ።

ለአባትሽ ስጋትም ቦታ ልስጥ። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚያሰልፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚያን ሦስት ቦታዎች የሚፈልጉ ሴቶች ብዛት የሚነገር አይደለም፤ ከእነሱ መካከል ጅማቷ የሚጎዳ፣ ሰዓቷ የሚቆም ትበዛለች። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቢሆን ዋዛ አይደለም፦ በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሁለት ጠባብ በሮች ፊት ቆመሻል። አንዱን ራስሽ ከዘጋሽው በሌላው ላይ የሚወድቀው ጫና ይበዛል። ፈተናውን ካለፍሽ አዲስ አበባም ኮተቤም የስፖርት ሳይንስ አለ፤ ፊዚዮቴራፒም ለሯጭ ቅርብ የሆነ፣ ባለሙያ በጣም የሚፈለግበት መስክ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሯጮች የሚሰጡት ነጻ የትምህርት ዕድልም የሚመጣው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤቷን ማሳየት ለምትችል ልጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በአሠልጣኝ ፊት ስለማይነሳ እኔ ላንሳው። ሥልጠናው ሲጠና የወር አበባሽ ለወራት ከቀረ፣ ወይም ያለ ምክንያት የምትደክሚ ከሆነ፣ እንደ ጀግንነት እንዳትቆጥሪው። ብዙ ጊዜ የምግብ ማነስ ወይም የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ነውና ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። በባዶ ሆድ ሮጠሽ በባዶ ሆድ ክፍል አትግቢ። ጎህ ሳይቀድ ብቻሽን ወደ ተራራው አትውጪ፤ ጅቡንም ሰውንም ታውቂያለሽ። ሁለት የክፍል ጓደኞችሽን አስከትዪ።

አሁን የሚቀረው ከአባትሽ ጋር ሆነሽ አሠልጣኙን ማነጋገር ነው። እየተማርኩ በማለዳ ልሠልጥን በይው። እሺ ካለ መልካም፤ የሰውየውን ችሎታ በሥራው ታዪዋለሽ። እሺ ካላለ አባትሽ እነዚህን ይጠይቁት፦ በቤቱ ስንት ልጆች አሉ? ኃላፊነት የሚወስድ ሴት ባለሙያ አለች? ኪራዩና ምግቡ ኋላ ከሽልማት ይቀነሳል? ማናጀሩ ማን ነው፣ ከዓለም አትሌቲክስ ፈቃድ አለው? ባለፉት ዓመታት ከዚያ ቤት የወጡ ልጆችስ ዛሬ የት ናቸው? የመጨረሻውን ጥያቄ ከእሱ አፍ ብቻ አትቀበዪ፤ ከወጡት ልጆች አንዷን ፈልገሽ በስልክም ቢሆን አነጋግሪያት። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን አብረን እናያለን።